ከመደብሩ ውበት በፊት መንገዱ

ገበያ የሚወጣ ሰው ዕቃውን ከመጫኑ በፊት መንገዱን ይጠይቃል። የመካነ ሰላም የጋቢና የባና ነጋዴ በኢንተርኔት ሱቅ ለመክፈት ሲያማክረን ግን፣ እኛ ተማርን የምንል ወጣቶች አስቀድመን የምናሳየው የመደብሩን ውበት ነው። ሾፒፋይን የመሰለው የውጭ መደብር በእርግጥ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ኪራዩ በየወሩ በዶላር ይታሰባል፤ የራሱ የክፍያ አገልግሎትም ለኢትዮጵያ ነጋዴ አይሰጥም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ግን ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት እንኳ በ*127# ብሩን ያስገባል፤ የቴሌግራም ገጽም ኪራይ የለበትም። እርግጥ ነው፣ ትእዛዙን ሁሉ በደብተር መመዝገብ ያደክማል፤ ቢሆንም ኪሳራ አያመጣም። እንግዲህ ደንበኛው በምን ይከፍላል? ዕቃው እስከ ደሴ በምን ይደርሳል? ብለን አስቀድመን እንጠይቅ። የወገናችን ጥሪት የዕውቀታችን ማሳያ አይሁን።