ቆዳውን ወደን ፋቂውን ጠልተን

ዓለም ጤና የቆዳ ጎረቤት ናት። ወደ ሞጆ መለስ ሲሉ ኤጄርሳ፣ ከዚያም አለፍ ሲል ራሷ ሞጆ፣ ሁለቱም የቆዳ ፋብሪካ ያለባቸው ናቸው። እንግዲህ ከዚህ አገር ሰው ይልቅ ቆዳ አያያዝ ማን ያውቃል ይባል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በየቤታችን የቆዳ ሶፋ በብዙ ብር ይገዛና እንደ ሲሚንቶ ወለል ይታጠባል። አንዱ በኦሞ ይፈትገዋል፤ አንዱ በረኪና ያፈስበታል፤ ሌላውም ያብረቀርቅ ብሎ በነጭ ጋዝ ይወለውለዋል። ጨዋ ነኝ የሚለው ደግሞ ከነፕላስቲኩ ያስቀምጠዋል፤ እንግዳውም በላብ ተጣብቆ ይነሣል፤ ከሥር የታፈነው እርጥበት ግን ቆዳውን ያሻግተዋል።

ቆዳን ልስልስ የሚያደርገው ከተለፋ በኋላ በውስጡ የሚቀረው ቅባት ነው። በረኪናና ነጭ ጋዝ ይህንኑ ያጠፋሉ፤ የስምጥ ሸለቆው ፀሐይም ቀሪውን ይመጥጠዋል፤ ከዚያ በኋላ መሰንጠቅ ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ሶፋውን ከመስኮት ፀሐይ ማራቅ፣ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ማንሣት፣ ሲቆሽሽ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ፣ አልፎ አልፎም የቆዳ ቅባት ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ቅባቱን አስቀድሞ በማይታይ ቦታ መሞከር ይበጃል። ቅቤ ግን ይቅር፤ ይበላሻል፣ ይሸታል። (ጀርባው በሽመና የተሠራ ጨርቅ ከሆነ ግን፣ ወዳጄ፣ የገዛኸው ፕላስቲክ ነውና ቅባትህን አታባክን።)

ይህን ሁሉ ማወቅ የነበረብን ከሩቅ አልነበረም። ጀንዲውን፣ አጎዛውን፣ ስልቻውን፣ የጠፍር አልጋውን ያበጁልን ሰዎች ቆዳ ምን እንደሚወድ በእጃቸው ያውቁ ነበር። እኛ ግን በጀንዲው ተኝተን ሰውየውን «ፋቂ» ብለን ሰደብነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን ተሻግሮ እስከ ዛሬ አለ። የተናቀ ሰው ዕውቀቱን ለማን ያወርሳል? ልጁ ሙያውን ሸሸ፤ እኛም ከነበረኪናችን ቀረን።

ተማሪውም ከዚህ ነፃ አይደለም። ስለ ሥራ ክቡርነት በፈተና ወረቀት አምልቶ አስፍቶ ይጽፋል፤ ከፋቂ ቤት ልጅ ጋር የጋብቻ ነገር ሲነሣ ግን ዘር ቆጣሪ ሆኖ ይገኛል።

በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ አስቀድመን ፕላስቲኩን ከሶፋው እንግፈፍ። ቀጥሎም በሰፈራችን ጠፍር የሚያበጁ አባት ካሉ ሄደን ስለ ቆዳው እንጠይቃቸው። ስንጠይቃቸውም ከደጅ ቆመን አይሁን፤ ገብተን፣ ተቀምጠን፣ ቡናቸውን ጠጥተን ይሁን።