ጥቁር አዝሙዱም ይኑር፣ ኢንሱሊኑም አይቋረጥ



መርካቶ ላደግን ልጆች መድኃኒት ገና ከሩቁ ይሸታል። ከመድረሳ ስንወጣ በአንዋር መስጂድ ዙሪያ የምናልፋቸው ሱቆች ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና ሽቶ የሞላባቸው ናቸው። ማርና ጥቁር አዝሙድ በሱና የተወደዱ መሆናቸውን እዚያው ሰፈር ቁጭ ብለን ቀርተናል፤ ይህን ለማጣጣል አልተነሳንም። ያሳሰበን ሌላ ነው። ረመዳን በመጣ ቁጥር ስኳር ያለባቸው ወንድሞችና እህቶች አንዱን በሌላው ተክተው ኢንሱሊናቸውን ያቆማሉ፤ ወይም ሰው እንዳያይ ደብቀው በግምት ይወጋሉ።

ሰሞኑን ደግሞ በየስልካችን «ፔፕታይድ» የሚል ቃል በዝቷል። ጡንቻ ይገነባል፣ ጉዳት ይጠግናል ይባልለታል። ፔፕታይድ ማለት አሚኖ አሲዶች እንደ ሙስበሓ ፍሬ የተደረደሩበት አጭር ሰንሰለት ነው፤ ሰውነታችንም ራሱ ብዙ ዓይነት ይሠራል። በማስታወቂያ ከሚሞገሱት መካከል ቢፒሲ-157 የተባለው በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሕክምና አልተፈቀደም፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ለስፖርተኞች ክልክል ነው። ገንዘቡን ሊከፍል ያሰበ ካለ ኪሱ ውስጥ ያቆየው። ከ100 ዓመት በላይ የተፈተነው ፔፕታይድ ኢንሱሊን ነው። 51 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ 21ዱ በአንድ ሰንሰለት፣ 30ው በሌላው። የመጀመሪያው ታማሚ በጃንዋሪ 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ተወጋ። ከዚያ በፊት አንደኛው ዓይነት ስኳር የያዘው ልጅ ዕድሜው አጭር ነበር፤ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማምረት አቁሟልና። ዛሬም ይህን ጉድለት የሚሞላ ቅጠልም ዘይትም የለም። ኢንሱሊንን መጠጣትም አይቻልም፤ ሆድ ልክ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። መርፌው ያስፈለገው ለዚህ ነው።

«የአሳማ ነው ይባላል» የሚሉ አሉ። ወሬው ከባዶ አልተነሳም፤ ለብዙ ዓመታት ኢንሱሊን ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ግን ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ ማሠራት ቻሉ፤ በ1982 አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ተፈቀደ። ዛሬ ጠርሙሱ ላይ «ሂዩማን» የሚል ካያችሁ በባክቴሪያ ወይም በእርሾ የተሠራ ነው። (ከሰው የተቀዳ መስሎት የደነገጠም አጋጥሞናል፤ አይደለም።)

ጾሙን በተመለከተ የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ በወሰነው መሠረት ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ፣ ከቆዳ ሥርም ይሁን በጡንቻ፣ ጾም አያፈርስም። እንግዲህ ኢንሱሊኑን «ለጾሙ ብዬ ተውኩት» ማለት መሠረት የለውም። ከባዱ ጥያቄ መርፌው ሳይሆን ረሃቡ ነው። ተወግቶ ሳይበሉ መዋል ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል፤ ስለዚህ መጠኑንና ሰዓቱን፣ ጭራሽ መጾም መቻሉንም፣ ከረመዳን በፊት ሐኪም ይወስን። የስኳር ሐኪሞች መመሪያ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ሲሆን ወዲያው አፍጥሩ ይላል። ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀርም! ለታማሚ ሩኽሷ የሰጠው አላህ ነው፤ ሩኽሷውን የወሰደን ሰው በዓይን የምንገርፍ እኛ ማን ነን?

የምህንድስና ተማሪዎች ነንና ስለ ሙቀትም እንናገር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው እንደ ዓይነቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ ግን ሙቀቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ የጠርሙሱን ወረቀት ማንበብ ነው። የአዲስ አበባ አየር ያግዛል። ለእረፍት ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር የሚወርደው ልጅ ግን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ከከተተው መድኃኒቱን ጣለው ማለት ነው። በረዶ የሠራ ኢንሱሊንም ቀልጦ አይመለስም፤ ከፍሪዘሩ ጋር አታስጠጉት። ፍሪጅ በሌለበት ቤት አንዱን የሸክላ ድስት በሌላው ውስጥ አስገብቶ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላት ይረዳል፤ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ደረቅ አየር ላይ ይበልጥ ይሠራል። ድስቱም አሸዋውም ከመርካቶ አይጠፋም።

ዶርም ውስጥ ፍሪጅ የለንም። ስለዚህ ጀማዓችን ሻዕባን ሳይገባ ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የግቢው ክሊኒክ የተማሪዎችን ኢንሱሊን ስም ጽፎ በፍሪጁ እንዲያስቀምጥ በደብዳቤ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ አንድ ሐኪምና አንድ ኡስታዝ በአንድ ምሽት አብረው ይቀመጡልን፤ ለየብቻ ሲሆን አንዱ ወደ ሌላው እየላከን ረመዳን ይገባል። የኢፍጣር ኮሚቴውም ስኳር ያለበት ሰው ሰልፍ ሳይጠብቅ ተምሩን የሚያገኝበትን መንገድ ያመቻች። በሰው ፊት መናገር የማይፈልግ ወንድም ለአሚሩ ብቻ ይንገር፤ እህቶች ደግሞ ለእህቶች ዘርፍ ተጠሪ።