በቴሌግራም የሚዞረው መጽሐፍና የአንባቢው ኅሊና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የኅትመት ወረቀት ተወድዷል፤ የመጻሕፍትም ዋጋ አብሮ ንሯል። በአንጻሩ መጻሕፍትን ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በቴሌግራም ማሠራጨት ተለምዷል። ከሚሠራጩትም መካከል የነገረ ሃይማኖትና የስብከት መጻሕፍት ይገኙበታል። “ገንዘብ የለኝም፤ ደግሞም የእግዚአብሔር ቃል አይሸጥም” የሚል ምክንያት ይቀርባል። ምክንያቱ በቅዱስ መጽሐፍ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል።

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በነጻ የተቀበሉትን በነጻ እንዲሰጡ አዟቸዋል (ማቴ. 10፥8)። ይህ ትእዛዝ ግን የተሰጠው ለሰጪው ነው፤ ተቀባዩ ያልተሰጠውን እንዲወስድ ፈቃድ አይሆነውም። በዚያው ምዕራፍ ለሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ጌታ ራሱ አስተምሯል (ማቴ. 10፥10)። ቃሉ ዋጋ ባይተመንለትም ጸሐፊው የደከመበት ዘመን፣ ወረቀቱና ማተሚያ ቤቱ ዋጋ አላቸው።

“አባቶቻችንስ መጻሕፍትን ሲገለብጡ አልኖሩምን?” የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ብራናው ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ ለሚጻፈው መጽሐፍ አስጻፊው ለጸሐፊው የድካሙን ዋጋ ይከፍል ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይም የሰረቀና የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ተጽፎ ይገኛል። ቃሉን የሁሉ ያደረጉ አበው መጽሐፉን ባለቤት አልባ አላደረጉትም።

የሀገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከዕረፍቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። እንግዲህ እንደ መዝሙረ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ያሉ ጥንታውያን ጸሎቶች የሁሉም ሀብት ናቸው፤ በሕይወት ያለ መምህር የጻፈው መጽሐፍ ግን እንዲሁ አይደለም።

ድህነትስ? ጠቢቡ ሰሎሞን ተርቦ የሚሰርቅን ሰዎች እንደማይንቁት፣ ነገር ግን በተያዘ ጊዜ እንደሚከፍል ተናግሯል (ምሳ. 6፥30-31)። ችግር ነቀፋን ያቀልላል፤ ዕዳን ግን አይሰርዝም። ስለዚህ በእጁ ሳንቲም የሌለው ተማሪ፣ ለመዝናኛ የሚከፍለውን ለመጽሐፍ የሚነፍግ ሰውና የሌላውን ድካም አባዝቶ የሚነግድ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ያለ ፈቃድ ያነበበ ምእመን አቅም ባገኘ ጊዜ መጽሐፉን ቢገዛ የዘኬዎስን መንገድ ይከተላል (ሉቃ. 19፥8)፤ ኅሊናው የሚወቅሰውም ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

ሸክሙን ግን በድሀው ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ቅዱስ ባስልዮስ ባለጠጋው ያከማቸው እንጀራ የተራበው ድርሻ መሆኑን አስተምሯል፤ በመደርደሪያ ተዘግቶበት አቧራ የለበሰ መጽሐፍም ከዚህ የተለየ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤቶች አብያተ መጻሕፍታቸውን ያጠናክሩ፤ ምእመናን ያነበቡትን ያውሱ፤ ጥቂቶች ተባብረው አንድ መጽሐፍ ገዝተው በየተራ ያንብቡ። ደራስያንና አሳታሚዎችም በቅናሽ ዋጋ የሚነበብ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ቢያዘጋጁ፣ ለገጠር አብያተ ክርስቲያናትም በነጻ ቢፈቅዱ፣ ብዙዎችን ከፈተና ያድናሉ። ስለ ጽድቅ የሚያስተምር መጽሐፍ በጽድቅ መንገድ ወደ እጃችን ይግባ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።