የዘንዶ መጽሐፍ የምታነበውን ልጅ ተዉአት

ሰሞኑን አንድ ፎቶ ስትቀባበሉ አየሁ። ታክሲ ውስጥ የተቀመጠች ልጅ፣ ጭኗ ላይ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ ሽፋኑ ላይ ዘንዶ። ሳታውቅ ነው የተነሳችው። ከላዩ ላይ «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ ሆና እሷን ከድራጎን ጋር ፍቅር ይዟታል» ተብሎ ተጽፎበታል። ሳቁ ለጉድ ነው። ከሳቁት ውስጥ ደራሲ ወዳጆቼ አሉ፣ የድሮ ባልደረቦቼ አሉ፣ ያስተማርኳችሁ ወንዶችም አላችሁ። አይቻችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ዘንዶውን ትጋልበዋለች እንጂ አታገባውም። ሳያነቡ መተቸት የለመደብን ነገር ስለሆነ ይሄን አልፈዋለሁ።

ያላለፍኩት ሌላ ነው። የሳቃችሁት እናንተው አይደላችሁም እንዴ በየመጽሐፍ ምረቃው ማይክ ይዛችሁ «ትውልዱ አያነብም» የምትሉት? ያቺ ልጅ የያዘችው መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። አፍ በፈታችበት ቋንቋ አይደለም የምታነበው። ለፈተና አይደለም፣ ማንም አላዘዛትም። ታክሲ ውስጥ፣ በዚያ ግፊያ። ከዚህ በላይ ምን አንባቢ ትፈልጋላችሁ?

ለማታውቁት፣ ዘውጉን ሮማንታሲ ይሉታል፤ የፍቅር ታሪክና ምናባዊ ዓለም የተጋቡበት ነው። ሣራ ጄ. ማስ የምትባለው አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረችው ተከታታይ አለ፤ ቲክቶክ ላይ አንባቢዎች እያለቀሱ ሲያወሩለት ዓለሙን አዳረሰ። ሬቤካ ያሮስ ደግሞ በ2023 «ፎርዝ ዊንግ»ን አወጣች። የዚያው ተከታታይ ሦስተኛ መጽሐፍ በጥር 2025 ሲወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 2.7 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። አንባቢዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ንቀቱም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ወንዶች ስለ ሰይፍና ስለ ዙፋን ሲያነቡና ሲያዩ ዓመታት ሲያሳልፉ ማንም ታክሲ ውስጥ ፎቶ አላነሳቸውም።

የእህቴ ልጅ ናት ያስነበበችኝ። እየተሳለቅሁ ነበር የጀመርኩት፣ አልዋሽም። ባለታሪኳ መጋጠሚያዋ በትንሹ የሚወልቅ፣ አጥንቷ ቶሎ የሚሰበር ልጅ ናት። እናቷ አስገድዳ የዘንዶ ጋላቢዎች የጦር ትምህርት ቤት ትከታታለች፤ እዚያ የወደቀ ይሞታል። ደራሲዋ ራሷ መጋጠሚያን የሚያላላ የጤና እክል አለባት፤ ሕመሙን የጻፈችው ከገዛ ገላዋ ቀድታ ነው። ጉልበቷን በጨርቅ ጠፍራ አስራ ደረጃ የምትወጣበትን ክፍል ሳነብ ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። አረፍተ ነገሩ ግሩም ነው አልልም። ብዙ ቦታ የተቸኮለ ነው፤ ልጁም ከልክ በላይ ቆንጆ ነው። ግን ማታ ስድስት ሰዓት ድረስ አላስተኛኝም።

እንከኑን አልደብቅም። የማስ ባለታሪክ የ19 ዓመት ልጅ ስትሆን የሚወዳት ሰውዬ ከ500 ዓመት በላይ የኖረ ነው፤ ይሄ ይከነክነኛል። የአልጋ ላይ ገጾቹም ለአዋቂ ናቸው፤ ለሰባተኛ ክፍል ልጅ አልሰጥም። ወላጅ ቢጨነቅ እውነት አለው። ዩታ የምትባለው የአሜሪካ ግዛት ግን በ2024 ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሙሉ 13 መጽሐፍ ስታግድ ስድስቱ የማስ ነበሩ። መጨነቅ ሌላ፣ መደርደሪያ ማራገፍ ሌላ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ጽሑፍ መነሻ እሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. አስረኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር አንዲት ልጅ ከዴስክ ሥር «ትዋይላይት»ን ስታነብ ያዝኳት። ነጠቅኳት። እሱ አልበቃኝ ብሎ ከመሃል ገለጥኩና እዚያው ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ ድምፄን እያሞላቀቅሁ ለክፍሉ አነበብኩ። ልጁ ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስምበት ቦታ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ዴስኩ ላይ በክንዷ ፊቷን ሸፍና ደወል እስኪደወል ቀና አላለችም። መጽሐፉን በማግስቱ መለስኩላት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ በኔ ክፍለ ጊዜ መጽሐፍ ይዛ አይቻት አላውቅም።

ለዓመታት በመጽሐፉ የሳቁ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ የሳቁት በአማርኛው ነው። አንድ ሴት ልጅ «ፈለግኩት» ስትል በራሳችን ቋንቋ ሲሰማ ቀልድ እንዲመስል አድርገን አሳድገናቸዋል። ባለፈው የእህቴን ልጅ «ይሄንኑ በአማርኛ ብታገኚው አታነቢም?» አልኳት። «ጋሼ፣ በአማርኛ ሲሆን ያሳፍራል እኮ» አለችኝ። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ እንዴት እንደተሰማኝ አስቡት።

ቋንቋው ድሃ ነው እንዳትሉኝ። አርዌ የሚባለው ዘንዶ አክሱም ላይ ነግሦ ልጃገረድ ሲገበርለት ኖረ የሚለው ተረት የማን ነው? በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ቤሩታዊቷ ልጅ ዛፍ ላይ ሆና ስታይ እያየን አይደል ያደግነው? ክብረ ነገሥት ውስጥ ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ቅመም የበዛበት ምግብ አብልቶ ሌሊት ውሃ ጥም የሚያስነሳት ምን ሊሆን ነው? (ያ ሰውዬም ቢሆን ሥራው ይከነክነኛል፣ በነገራችን ላይ።) የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው፣ ወንድ መስላ ስለተሰደደች ቆንጆ ልጅ ነው፤ መጨረሻውም ሠርግ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ የባላባት ልጅና አስተማሪዋን አፋቅሮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ አገር ሙሉ ሬዲዮ ሥር ሲያለቅስ ማን «ተራ የፍቅር ታሪክ» አለ? ያንኑ ታሪክ ዛሬ አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ጽፋ ብታመጣላችሁ «ቁም ነገር ጻፊ» ብላችሁ ነው የምትመልሷት። ብላችሁም መልሳችኋል፤ እኔም ብያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ አንድ መጽሐፍ አዟሪ አስቆምኩና «ሴት ባለታሪክ፣ ፍቅር፣ ትንሽ አስማት ያለበት አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ» ብዬ ጠየቅኩት። ከታቀፈው ክምር አንድ የጦር መኮንን ትዝታ፣ ሁለት በአጭር ጊዜ ሀብታም የሚያደርጉ ትርጉሞችና አንድ የፖለቲካ ምሥጢር አወጣልኝ። «ለልጅ ከሆነ እንግሊዝኛውን ውሰድ» ብሎ ከሥር ዘንዶዋን ጎተተ። ኮፒ ናት፤ ሽፋኗ ደብዝዟል፣ ገጿ ተንሻፏል። ደራሲዋ ከዚያ ሽያጭ ሳንቲም አታገኝም። ልጆቹ ግን ያቺንም እየገዙ፣ ሲያጡ በቴሌግራም ፒዲኤፍ እየተላላኩ ያነባሉ። ገበያው የለም የምትሉ አሳታሚዎች፣ ገበያው ያው ታክሲ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፎቶ እያነሳችሁት ነው።

እዚህ ገጽ ላይ ካላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ መሃል ስልካችሁ ውስጥ የደበቃችሁት ጽሑፍ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሁለታችሁ ነግራችሁኛል። ዛር ያለበት፣ ጅብ የሚሆን ባል ያለበት፣ ጣና ገዳም ውስጥ የተደበቀ ሰይፍ ያለበት፣ መሳሳምም ያለበት ይሁን። በኢንቦክስ ላኩልኝ። ፊደሉን አርማለሁ፣ የሰለቸኝን ሰለቸኝ እላለሁ፤ ጮክ ብዬ ለማንም አላነብም።

ፎቶውን ያጋራችሁ ግን ዛሬውኑ አጥፉት። ልጅቷን ማንም አላስፈቀዳትም።