ባሕሩ በሚዘጋበት ወራት

በባልቲክ ባሕርና በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳርቻ ብርዱ ሲጠና፣ የሸራ ጀልባ ወዳጆች ጀልባዎቻቸውን ከውኃ አውጥተው በድጋፍ ላይ ያቆማሉ። ሸራውን አጥበውና አድርቀው ያጣጥፋሉ፤ የተበላውን ገመድ ይለውጣሉ፤ ምሽቱን በካርታና በቋጠሮ ትምህርት ያሳልፋሉ። ውኃው በረዶ በሆነባቸው ወራት ባሕርን የሚወዱት በእጅና በአእምሮ ነው። በጂዛን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ አየሩ የሚለዝብበት፣ ቤተሰብ ወደ ፈረሳን ደሴቶች የሚሻገርበት ምርጥ ወቅት ነው። ባሕረኛውን ወደ ጥላ የሚያስገባው ብርድ ሳይሆን የሰኔና የሐምሌ ሐሩር፣ ከእርሱም ጋር የሚነሣው አቧራ ነው።

የደቡባዊው ቀይ ባሕር ነፋስ ዓመቱን ለሁለት ይከፍለዋል። በግምት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከባብ አል መንደብ በኩል ይነፍሳል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። በሸራ ዘመን ናኹዳው ወደ ሰሜን የሚወስደውን ጭነት ለአንደኛው፣ ወደ ደቡብ የሚመልሰውን ለሌላኛው ያቆይ ነበር። ባለፉት መቶ ዓመታትም ይህ ሕይወት በዓይን ታይቷል፤ አውስትራሊያዊው መርከበኛ አለን ቪሊየርስ በ1938 እ.ኤ.አ. ከኤደን ተነሥቶ ጂዛን የደረሰው በአንዲት ትንሽ የሸራ ጀልባ ነበር።

ከባብ አል መንደብ ወዲያ፣ በዓረብ ባሕር፣ ሕጉ ይበልጥ ይጠብቅ ነበር። የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ በሚያይልበት በክረምቱ አጋማሽ የዓረብ ባሕረኞች «ባሕሩ ተዘግቷል» ይሉ ነበር። በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ የባሕር መሪ አሕመድ ኢብን ማጂድ በጻፋቸው የባሕር ጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ከኮከብና ከአቅጣጫ ዕውቀት ጎን የመነሻ ወራት ዕውቀት ትልቅ ስፍራ አለው። መቼ መሄድ እንደሚገባ ማወቅ የሙያው ግማሽ ነበርና። መቼ አለመሄድ እንደሚገባ ማወቅም እንዲሁ።

የተዘጋው ወራት ግን የሥራ ፈት ወራት አልነበረም። ሳምቡኩ ወደ አሸዋው ይሳብና በሆዱ ላይ የተጣበቀው ቅርፊት ይፋቃል፤ በሳንቃዎቹ መካከል በዘይት የተነከረ ጥጥ ይጠቀጠቃል፤ ከውኃ በታች የሚውለው ክፍል በኖራና በእንስሳ ስብ ድብልቅ፣ ከላይ ያለው በዓሣ ዘይት ይቀባል። የተቀደደው ሸራ በጥላ ሥር ይሰፋል። የፈረሳን ሰዎችም በሙቀቱ ወራት፣ ተምር በሚደርስበት ጊዜ፣ ወደ ቀሳር መንደር ዘንባባዎች ይሰፍሩ ነበር። ዕንቁ ፍለጋ የሚጠልቅ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ተምር ለቃሚ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ቋጠሮ ይማራል፤ ሽማግሌው ያለፈውን ዓመት ስሕተት ያወራል፤ ወጣቱ ይሰማል። ባሕሩ ሲዘጋ የሚከፈት ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ትምህርት ቤት የዘጋው ሞተር ነው። ሞተር መጥቶ መጠበቅን አስቀረ። በ2006 እ.ኤ.አ. በይፋ በታወጀው፣ ዛሬም ብዙዎች ጂዛን ኢኮኖሚክ ሲቲ በሚሉት የኢንዱስትሪ ከተማ፣ በቀን 400,000 በርሜል የማጣራት ዐቅም ወዳለው ማጣሪያ የሚመጡ መርከቦች ከየት ወገን እንደሚነፍስ ጠይቀው አይነሡም። የፈረሳን ጀልባም መንገደኛውን በአንድ ሰዓት ገደማ ያሻግራል። ይህ በረከት ነው፤ ታማሚን ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ነፋስ መጠበቅን የሚናፍቅ የለም። ነገር ግን ከመጠበቁ ጋር አብሮ የጠፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ለወቅት የሚሰጠው አክብሮት ነው። ታላቁ መርከብ ይህን ቢረሳ ብረቱና መሣሪያው ያድኑታል፤ ትንሿ ጀልባ ስትረሳው ግን የሚያድናት የለም።

ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. 260 ያህል ሰዎችን ጭና ከሶማሊያ ጠረፍ የተነሣች ጀልባ በየመን ሸብዋ አቅራቢያ ተገልብጣ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞቱ፤ 140 ያህሉ በወቅቱ የገቡበት አልታወቀም ነበር። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞችን የጫነች ሌላ ጀልባ በአብየን ጠረፍ በመጥፎ የአየር ሁኔታ ሰጥማ ከ60 በላይ ነፍሳት ጠፉ። የሁለቱ አደጋዎች ወራት ሰኔና ሐምሌ ናቸው። የጥንቱ ናኹዳ መልህቁን ወደ አሸዋ የሚጎትትበት ጊዜ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነው፣ የሟቾቹ አያቶች ይህን ሕግ በየብስ ላይ ጠንቅቀው የሚያውቁ መሆናቸው ነው። ለኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ የሚያመጣው ክረምትና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ በር የሚያናውጠው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የአንድ ታላቅ ሥርዓት ሁለት ገጽታዎች ናቸው። የወሎ ገበሬ በሐምሌ ወንዝ ሲሞላ ልጁን «ተሻገር» አይለውም፤ እስኪጎድል ዳር ላይ ያስቀምጠዋል። ደላላው ግን ያንኑ ልጅ በዚያው ወር፣ ከወንዝ ሁሉ በሚሰፋ ውኃ ላይ ያሳፍረዋል። ደላላ ወቅት አይጠይቅም፤ ትርፉ የሚቆጠረው ጀልባዋ ስትነሣ እንጂ ስትደርስ አይደለምና።

«ሰውን ወደ ባሕር የሚገፋው ችግር እንጂ ነፋስ አለማወቅ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። ከመጠን በላይ መጫንም በየትኛውም ወር ይገድላል፤ መልካም ወቅት ሕገ ወጥ መንገድን ደኅና አያደርገውም። ሆኖም ወቅትን የሚያውቅ ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ ጥያቄውም የደላላውን ውሸት ያጋልጣል። «ባሕሩ ዛሬ ሰላም ነው» የሚለውን ሰው «በሐምሌ?» ብሎ መመለስ ቀላል ቃል ነው፤ ነገር ግን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ሙስሊሙ ይህን ባሕር በታላቅ ትዝታ ያስበዋል። በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከሹዐይባ ወደብ ተነሥተው ወደ ሐበሻ የተሻገሩት ዋጋ ከፍለው በተሳፈሩባቸው የነጋዴ መርከቦች ነበር። በአላህ ላይ የነበራቸው ተወኩል ሰበብን ከማድረስ አላገዳቸውም። የቁረይሽ ምዕራፍም ጉዞን ከወቅቱ ጋር አያይዞ ያወሳል።

እንግዲህ በጂዛን ጠረፍ ሸራን የሚወዱ ሁሉ የሐሩሩን ወራት እንደ ባዶ ጊዜ ሊቆጥሩት አይገባም። ሽማግሌዎቹ ሳሉ ስፌቱን፣ ቅብዓቱንና የነፋሱን ስም ለልጆች ማስተማር የሚቻለው በእነዚህ ወራት ነው። በዚሁ ጠረፍ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም ድርሻ አላቸው። ከቤታቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ስለ ደመወዝና ስለ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ስለ ባሕሩም ይንገሩ። ክረምት ገብቷል ማለት፣ በአገር ቤት ወንዙ፣ እዚህም ማዶ ባሕሩ ተዘግቷል ማለት ነው። የተዘጋን በር ማክበር ፍርሃት አይደለም፤ ከባሕር በሰላም የተመለሱ ሁሉ ያስተማሩት ዕውቀት ነው።