የሳንጃ ሰው ማን ነው?



ባለፈው ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ እንድሞላ ተሰጠኝ። ስሜን፥ የአባቴንና የአያቴን ስም፥ ዕድሜዬንም ያለ ችግር ሞላሁ። ከዚያ በታች «ብሔር» ይላል፤ በፊቱም አንድ ቃል ብቻ የምትይዝ አጭር መሥመር ተሰምራለች። እኔ ደግሞ አራት አያቶች አሉኝ። የአባቴ አባት ከወገራ ወርደው የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። የአባቴ እናት የአርማጭሆ ተወላጅ ናቸው። የእናቴ አባት በወጣትነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ ከትግራይ መጥተው የቀሩ ሲሆኑ፥ የእናቴ እናት ከጭልጋ የመጡ ቅማንት ናቸው። ስለዚህ ብዕሬን ይዤ ብዙ ካሰብሁ በኋላ ቦታውን ባዶ ትቼ ሰጠሁ። ጸሐፊው ቅጹን አየ፤ ቀና ብሎም ፊቴን አየ፤ ከዚያም አንዳች ሳይጠይቀኝ በራሱ ብዕር አንድ ቃል ጻፈበት። የጻፈው ቃል ሐሰት ነው ለማለት አልቻልሁም፤ እውነት ነው ለማለትም አልቻልሁም። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያች መሥመር ነው።

በሳንጃ ስለ ሰው አመጣጥ ወሬ ሲነሣ የተለመደ መልስ አለ፤ ይኸውም «እኛ እንደሆን ሁላችንም አንድ ነን» የሚል ነው። መልሱ በጎ አሳብ ያለበት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ይህንኑ የሚሉ ሰዎች ጥቂት ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእገሌ እናት እኮ...» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቼአለሁ። አንድ ከሆንን ሹክሹክታው ለምን አስፈለገ?

ከተማችን የመንገድ ልጅ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ በእኛ ዘንድ አልፎ ወደ አብርሃጅራና ወደ አብደራፊ ይሄዳል። በክረምት ለአረም፥ ክረምቱ ሲወጣ ለሰሊጥ አጨዳ፥ ከዚያም ለማሽላና ለጥጥ እያለ ከየደጋው ሠራተኛ በዚህ መንገድ ይወርዳል። የወረደውም ሁሉ አይመለስም። አንዱን ወባ ያስቀረዋል፤ አንዱን ትዳር ያስቀረዋል፤ አንዱም የሠራበትን ገንዘብ ለመሳፈሪያ እንኳ ሳያስተርፍ ጨርሶ ይቀራል። (የእናቴ አባት ከሦስቱ በየትኛው ምክንያት እንደቀሩ አያቴ ባሉበት መጠየቅ አይቻልም።) የቀረው ሰው ቤት ይሠራል፥ ይወልዳል፤ ልጁም የሳንጃ ልጅ ይባላል።

ወደ ጠረፉ ሲወርዱ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። በመተማ ቆላ ጉሙዞች ከጥንት ጀምሮ ኖረዋል፤ የባሪያ ፈንጋይም ዘምቶባቸዋል። ከዳርፉርና ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው በሐጅ መንገድ የመጡ ሙስሊሞች በመተማና በገላባት አካባቢ ሰፍረው ቀርተዋል፤ ተክሩሪ የተባሉት እነርሱ ናቸው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ አግኝቷቸው በመጽሐፉ ጽፎላቸዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሲወድቁ እነዚህ ሰዎች በስፍራው ነባር ነበሩ። እኛ ግን በታሪክ ትምህርት የጦርነቱን ዓመተ ምሕረት አጥንተን እናልፋለን እንጂ በከተማይቱ ማን ይኖርባት እንደነበር ጠይቀን አናውቅም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣም አያሌ ሱዳናውያን ልጆቻቸውን ይዘው በዚያው በመተማ በኩል ገብተዋል።

ስለ ሄዱትም ማሰብ ይገባል። በአርማጭሆ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩ ነበር። ማረሻውንና ማጭዱን የሚቀጠቅጡ፥ ድስቱንና ጋኑን የሚሠሩ እነርሱ ነበሩ። ገበሬው በማረሻቸው አርሶ፥ በድስታቸው አብስሎ በልቶ ሲያበቃ ቡዳ ይላቸው ነበር። በ1970ዎቹ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና በስደተኞች ሰፈርም በሺህ የሚቈጠሩ ሞቱ። ከሞት የተረፉት በ1977 ዓ.ም. «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ጉዞ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተጓጓዙ። በመንገድ ለቀሩት በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እኛ ዘንድ የቀረልን ስድቡ ነው። በእረፍት ሰዓት አንድ ቤተ እስራኤል እንኳ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች «አንተ ቡዳ!» ሲባባሉ እሰማለሁ።

አሁን ወደ አያቴ ልመለስ። የቅማንት ቋንቋ ቅማንትነይ ይባላል፤ ከአገው ቋንቋዎች ወገን ነው። አያቴ አይናገሩትም፤ እናታቸው ግን ይናገሩት ነበር። ፍሬድሪክ ጋምስት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከቅማንቶች ጋር ተቀምጦ ስለ ኑሮአቸውና ስለ አምልኮታቸው ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1969 በመጽሐፍ አሳትሟል። ሰው ከአሜሪካ ድረስ መጥቶ የጠየቀውን እኔ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርሁ እስከ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ አልጠየቅሁም ነበር።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብ ቈጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት ተብለው ተመዝግበዋል፤ ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ግን 1,650 ብቻ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ውስጥ ቅማንት የሚል ስም ከነጭራሹ አልነበረም። አያቴ በመጀመሪያው ተቈጠሩ፥ በሁለተኛው ከዝርዝሩ ወጡ፤ በመካከሉ ግን ከቤታቸው አልተነቃነቁም። ሕገ መንግሥቱ በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዘዘው ቈጠራም ከዚያ ወዲህ ሲተላለፍ ኖሯል።

ከዚያም በኋላ የሆነውን ወላጆች ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በ2008 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በጎንደር አካባቢ በተነሣው ግጭት ሰው ሞተ፥ ቤት ተቃጠለ፥ ብዙ ሰውም ከቀዬው ተፈናቀለ። በዚያን ጊዜ አያቴ ገበያ ሲወጡ ከየት እንደመጡ ቢጠየቁ «ከዚሁ» ማለት ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ዝም የማለቱ ተራ የባላቸው ሆነ። በሳንጃ ሲኖሩ ዐርባ ዓመት ያለፋቸው ሰው አነጋገራቸው እንዳያስታውቅባቸው በሰው መካከል ቃል አያወጡም ነበር። ባልና ሚስት በአንድ ቤት ውስጥ በየተራ ዝም ሲሉ ያየሁት እኔ፥ «ሁላችንም አንድ ነን» የሚለውን መልስ በደስታ ለመቀበል ቢያዳግተኝ አትፍረዱብኝ።

ይህን አሳቤን ለአንድ መምህር በገለጽሁ ጊዜ አልወደዱልኝም። «የሻረ ቁስል መነካካት ምን ይጠቅማል? ዝርዝር የተጻፈ እንደሆነ ክፉ ሰው እጅ ይገባል» አሉኝ። ነገራቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በሩዋንዳ ቤልጂጎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በእያንዳንዱ ሰው መታወቂያ ላይ ሁቱ፥ ቱትሲ፥ ትዋ እያሉ አስጻፉ፤ በ1994 ገዳዮች መንገድ ዘግተው የሚገድሉትን ሰው የለዩት በዚያው ወረቀት ነበር። በእኛም አገር ብዙ የቀበሌ መታወቂያዎች ብሔር ይጻፍባቸው ነበር። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ እንዲህ ያለ መሥመር የሌለው በመሆኑ ደስ ብሎኛል፤ የኔን ቅጽ የሰጠኝም መሥሪያ ቤት መሥመሯን ቢያስቀራት እወዳለሁ።

ሆኖም ከመታወቂያ ላይ ቃል መሰረዝና አያትን አለመጠየቅ ለየቅል ናቸው። ዝምታም ቢሆን ሰው አላዳነም፤ በሹክሹክታ የሚታወቀው ዝርዝር በወረቀት ከተጻፈው ቢብስ እንጂ አያንስም፤ የሚያርመው ሰው የለምና። በግልጽ ብንነጋገር ግን ከክፍላችን ተማሪዎች መካከል አራቱም አያቶቹ ሳንጃ የተወለዱለት ስንት እንደሚሆን እናይ ነበር። እኔ በበኩሌ በጓደኞቼ መካከል ፈልጌ አንድ ብቻ አግኝቻለሁ፤ እርሱም አንደኛውን አያቱን ገና አልጠየቀም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በክረምቱ ዕረፍት አያቶቹን፥ አያት የሌለውም ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ ከየት ተነሡ? በየትኛው መንገድ መጡ? ምን ሥራ አገኙ? ለምን ቀሩ? ይዘውት የመጡት ቃል ወይም ምግብ ምንድር ነው? ወረቀቱ ላይ የሰው ስም አይጻፍ፤ «ብሔር» የሚል ቦታም አይኑርበት። የተጻፈው ተሰብስቦ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። መናገር የማይፈልግ ቤተሰብ ቢኖር ገጹ ባዶ ይቀመጥለት፤ ማንም ሰው በራሱ ብዕር አይሙላበት።

እኔ ጀምሬአለሁ። አያቴ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ በሁለተኛው ቀን ቡና እያፈሉ ራሳቸው አነሡት። ከእናታቸው የቀረላቸው ጥቂት ቃልና ቁጥር ነው። በጣታቸው እየቈጠሩ እስከ ስድስት ድረስ ሳይደናቀፉ ሄዱና ሰባት ላይ ቆሙ። ደግመው ከአንድ ጀመሩ፤ አሁንም ሰባት ላይ ቆሙ። ስምንትንና ከዚያ በላይ ያለውን ያውቁታል፤ የጠፋቸው ሰባት ነው። ይህን መጽሔት ከምታነቡ ወላጆች መካከል የሚያውቀው ቢገኝ በልጁ እጅ ጽፎ እንዲልክልኝ በአክብሮት እለምናለሁ፤ በደብተሬ ላይ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ።