ለቃል መልሱ ቃል ነው

ሰው ሐሳቡን ጽፎ ለሌላው በማሳወቁ ብቻ መታሰር የለበትም። ይህን ስንል ጸሐፊ ሁሉ ትክክለኛ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለተሳሳተ ጽሑፍ መልሱ የተሻለ ጽሑፍ እንጂ እግር ብረት አይደለም ማለታችን ነው። ስለዚህም በኢንተርኔት በጻፉት ምክንያት ለታሰሩ ሰዎች መሟገት የወዳጆቻቸው ብቻ ሳይሆን ሐሳባቸውን የሚቃወሙ ሰዎችም ግዴታ ነው።

ቀድሞ በአገራችን መጽሐፍም ሆነ ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት በመርማሪ እጅ ያልፍ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ይህን ቅድሚያ ምርመራ ከለከለ። ኢንተርኔት ሲመጣ ግን ማገጃው ከጸሐፊው ደጅ ወደ አንባቢው ደጅ ተዛወረ። የአገሪቱ መስመር ሁሉ በአንድ የመንግሥት ድርጅት በኩል ያልፍ ስለ ነበር፣ ያልተፈለገ ገጽ ሲዘጋ አንባቢው ምንም አያገኝም። ይሁን እንጂ «ካፍ የወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ ጽሑፉ በሌላ አገር መነበቡን አይተውም። እንግዲህ ቃሉን መያዝ ሲያቅት የሚያዘው ባለ ቃሉ ይሆናል።

ለዚህ የ«ዞን ዘጠኝ» ጸሐፊዎች ታሪክ ማስረጃ ነው። በ2004 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው በኢንተርኔት መጻፍ ጀመሩ። የቃሊቲ እስር ቤት በስምንት ዞኖች የተከፈለ ስለ ነበር፣ ከግንቡ ውጭ ያለውን አገር ዘጠነኛው ዞን ብለው በመቍጠር ስማቸውን ከዚያ ወሰዱ። ደብዳቤ የሚል ትርጕም ያለውን «ጦማር» የተባለውን ጥንታዊ ቃል ይዘውም «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል መሪ ቃል መረጡ። ገጻቸው ብዙ ሳይቈይ በአገር ውስጥ እንዳይነበብ ተዘጋ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከእነርሱ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ በሐምሌም በፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጁ ተከሰሱ። የኢንተርኔት መልእክትን ከሌላ ሰው ዐይን ለመጠበቅ የሚረዳ ሥልጠና መውሰዳቸው እንኳ በክሱ ውስጥ ተቈጠረባቸው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የአምስቱ ክስ ተቋርጦ ተፈቱ። የቀሩትን አራቱን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክስ ነጻ አደረጋቸው፤ ይሁን እንጂ አንዱ በሌላ ክስ ምክንያት የወጣው በዋስ ነበር። ሽብርተኞች አለመሆናቸው በተነገረ ጊዜ 18 ወር ያህል ታስረው ነበር። ያን ዕድሜ የሚመልስላቸው ማን ነው?

በእነዚያ ወራት ዝም ያላሉ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶች በየችሎቱ እየተገኙ የሆነውን መዝግበው አሳወቁ፤ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ጸሐፊዎችና የመብት ተሟጋቾችም እስረኞቹን በስም እየጠሩ አቤት አሉ። የእስር ቤቱን በር የከፈተው ይህ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን እስር እጅግ የሚከብደው ሰው ሲረሳ ነው፤ ስሙ ዘወትር የሚነሣን እስረኛ በስውር መበደልም ያስቸግራል። ፔን የተባለው ዓለም አቀፍ የጸሐፊዎች ማኅበር በ1960 እ.ኤ.አ. ለታሰሩ ጸሐፊዎች የሚሟገት ኮሚቴ ያቋቋመው፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በየዓመቱ ኖቬምበር 15ን የታሰሩ ጸሐፊዎች ቀን አድርጎ የሚያስበው ስለዚህ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን «በኢንተርኔት ሕዝብን ከሕዝብ የሚያፋጅ መርዝ ይረጫል፤ ታዲያ ዝም ተብሎ ይታይ?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሰው እንዲገደል የሚቀሰቅስ ቃል ከሐሳብነት አልፎ ወንጀል ስለሚሆን፣ ተናጋሪው በሕግ ሊጠየቅ ይገባዋል። ወሰኑ ግን ጠባብና ግልጽ መሆን፣ ጥፋቱም በገለልተኛ ፍርድ ቤት መረጋገጥ አለበት። አለዚያ «ሽብር» እና «ጥላቻ» የሚሉት ቃላት እንደ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እየተለጠጡ፣ መንቀፍ ራሱ ወንጀል ይሆናል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. የ264 ገጾች ዕገዳ መነሣቱ በመንግሥት ተገለጠ። አደጋው በገጾቹ ውስጥ ከነበረ ስለ ምን ተፈቀዱ? አደጋ ካልነበረባቸውስ ስለ ምን ተዘግተው ኖሩ? መስመሩን ጨርሶ መዝጋትም መፍትሔ አይሆንም። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመታት ያህል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የጥላቻ ቃል በሌላው ዘንድ መዛመቱን አልተወም፤ የዘመዱን ደኅንነት ለማወቅ የተቸገረው ግን ብዙ ነው።

እናንተ ተማሪዎች ደብዳቤ መጻፍን ትማራላችሁ። ለታሰረ ጸሐፊ የሚቀርብ አቤቱታም ከዚያ የተለየ ጥበብ አይሻም። ማን፣ መቼና በምን ክስ እንደ ታሰረ አረጋግጦ፣ ሳይሳደቡና ሳያጋንኑ ለሚመለከተው ባለሥልጣን መጻፍ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ግን «የዚህ ሰው ሐሳብ የምጠላው ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ እጽፍለት ነበርን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሳችሁ «አዎን» ከሆነ የቆማችሁት ለመብት ነው፤ «አልጽፍም» ከሆነ ግን የቆማችሁት ለወገናችሁ ብቻ ነው።